ጎባ ቁጭ ብሎ ዶላር ማግኘት፤ ለጀማሪ ፍሪላንሰር የሚሆን ምክር

ፍሪላንሰር ለመሆን ከቆረጥክ በመጀመሪያ ላፕቶፕህን ዝጋና እናትህን አስረዳ። ብዙ ጀማሪ ይህን ይዘለውና በኋላ ይቆጨዋል። ከመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ጎባ የተመለሰ ልጅ ቀን እየተኛ ሌሊት በጋቢ ተጠቅልሎ ከስክሪን ጋር ሲፋጠጥ ካደረ፣ ሰፈሩ የራሱን ምርመራ ይጀምራል። ሱስ ነው የሚል አለ፤ ፍቅር ነው የሚል አለ፤ ጥሩ ጠበል የምታውቅ ጎረቤት ደግሞ ከሁሉም ትቀድማለች። ስለዚህ «እማዬ፣ አሜሪካ ላለ ሰው ሥራ ልሠራ ነው» በላት። «መቼ ልትሄድ ነው?» ትልሃለች። «አልሄድም፤ እዚሁ ሆኜ ነው» ስትላት ዝም ትላለች። ዝምታዋን እንደ ምርቃት ቁጠረው፤ ለጊዜው ከዚህ የተሻለ አታገኝም።

አባትህ ግን ዝም አይሉም። «ቀጣሪህ ማን ይባላል?» ይላሉ። «ማይክ።» «ማይክ የማን ልጅ?» እዚህ ላይ መልስ የለህም። ደመወዙን ሲጠይቁህ «እንደ ሥራው ነው» ትላለህ፤ መሥሪያ ቤቱ የት እንደሆነ ሲጠይቁህ ወደ ስልክህ ትጠቁማለህ። እንዲህ ሲነገር የሰማ አባት ልጁን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የሰውየው የክፍያ መንገድ የተረጋገጠ መሆኑን የምትናገረውን ምልክት ከሥራ ማስታወቂያው ላይ ብታሳያቸው ጥቂት ይረጋጉ ይሆናል። አንተም የማታየው ደንበኛ ሥራ ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ ያችን ምልክት ፈልግ፤ ይህኛው ምክር ቀልድ የለበትም።

ቀጥሎ ፍሪላንሰርና ደንበኛ በሚገናኙበት ድረ ገጽ ላይ አካውንት ትከፍታለህ። ብዙ መመሪያዎች ይህን «አምስት ደቂቃ የሚወስድ» ይሉታል። የጻፉት ሰዎች አንድ ስም ያላቸው ናቸው። አንተ ስንት ስም እንዳለህ የምታውቀው እዚህ ቦታ ላይ ነው። ድረ ገጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቅሃል፤ የአባትህን ስም ትሞላለህ፤ እስከዚህ ደህና ነው። ከዚያ መታወቂያ አሳይ ይልሃል። ስምህ ፋይዳ ላይ በአንድ ዓይነት የላቲን አጻጻፍ፣ ፓስፖርት ላይ በሌላ፣ የባንክ ደብተር ላይ በሦስተኛ ተጽፏል። ጸጋዬ የሚባል ሰው ስሙ በላቲን «ቲ» ይጀምር ወይስ «ኤስ» የሚወሰነው መስኮቱ ጀርባ በተቀመጠው ጸሐፊ የዕለቱ ስሜት ነው። እናት አባት ባወጡት ስም ላይ ሦስት መሥሪያ ቤት ሦስት ዓይነት ክርስትና ያነሣዋል። ኮምፒዩተሩ ግን «ያው አንድ ሰው ነው እኮ» ቢሉት የሚገባው ዓይነት አይደለም፤ የአካውንትህ ስም፣ ክፍያውን ወደ ባንክህ የሚያስተላልፍልህ የፔዮኒር ስምህና የባንክህ ስም ፊደል በፊደል ካልገጠሙ የሠራኸው ገንዘብ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

የልደት ቀንህም አለ። መስከረም 1990 ተወለድክ እንበል። አንዱ ሰነድ ዘመኑን ሳይቀይር 1990 ብሎ ጽፎታል፤ ሌላው ቀይሮ 1997 ብሎታል። በኮምፒዩተሩ ዘንድ እንግዲህ ሰባት ዓመት የምትበላለጡ ወንድማማቾች ናችሁ። ሥራውን የሚሠራው ታናሽየው ነው፤ ገንዘቡን ለመቀበል የሚጠራው ታላቅየው ነው። ስለዚህ ዋናው ምክሬ ይህ ነው፦ ግራፊክስ ከመማርህ በፊት፣ ኮዲንግ ከመማርህ በፊት፣ ወረቀቶችህን ሁሉ ሰብስበህ አንድ ሰው ሁን። ስንት ወር እንደሚፈጅ አልነግርህም፤ ተስፋ እንዳትቆርጥ።

አቋራጭ ይነግሩሃል። «አክስትህ ሲልቨር ስፕሪንግ አይደለችም እንዴ? በእሷ ስም ክፈተዋ!» አትክፈት። አክስትህን ከቪዲዮ ማረጋገጫ ፊት አስቀምጠህ የሎጎ ዲዛይን ልምዷን እንድታስረዳ ማድረግ ግፍ ነው። በቴሌግራም «አካውንትህን በወር አከራየኝ፣ አንተ ምንም አትሠራም» የሚል ደግ ሰውም ይመጣብሃል። እውነቱን ነው፤ ምንም አትሠራም። አካውንትህ ከታገደ በኋላ በስምህ የሚሠራ ነገር አይኖርም፤ ስምህን አንድ ለማድረግ ደግሞ ስንት መከራ እንዳየህ አሁን ተነጋግረናል።

ፕሮፋይልህን ስትጽፍ ትሑት ሁን። በሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ሰርተፊኬት ካለህ አውጣው፤ ከሌለህም በነፃ ነው፣ ተማር። ነገር ግን አምስት ሚሊዮን ሰው እንዲይዘው የታቀደን ወረቀት «እኔን ልዩ የሚያደርገኝ» በሚለው ርዕስ ሥር አትለጥፈው። ፎቶህም የሳነቴ ጭጋግ ውስጥ የተነሣኸው አይሁን። ቦታው ያለበትን የባሌ ተራሮች ፓርክ ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ብሎ እንደመዘገበው እኔም አውቃለሁ፤ ደንበኛው ግን የሚፈልገው የአንተን ፊት ነው።

አሁን ሥራ ፍለጋ ነው። አፕወርክ የሚባለው ትልቁ ገበያ ኢላንስና ኦዴስክ የሚባሉ ሁለት ድርጅቶች ተዋሕደው በ2015 እ.ኤ.አ. ያገኘው ስም ነው። አሠራሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም፤ እዚሁ ባሌ፣ ሲናና ላይ ስንዴው ሲደርስ ኮምባይነር ያለውንና ማሳ ያለውን የሚያገናኘውን ደላላ አስብ። ሁለቱን ያስተዋውቃል፣ ዋጋ ያስማማል፣ ከተከፈለው ላይ ድርሻውን ይቆርጣል። አፕወርክም እንዲሁ ለዓመታት እንደ ገቢው መጠን ከ20 እስከ 5 በመቶ ሲቆርጥ ቆይቶ በ2023 እ.ኤ.አ. 10 በመቶ ላይ አቆመው፤ ከ2025 ወዲህ ደግሞ እንደ ሥራው ከዜሮ እስከ 15 በመቶ ይለያያል። ሌላው ገበያ ፋይቨር 20 በመቶ ይቆርጣል፤ አምስት ዶላር ብትሠራ አራት ይደርስሃል። ልዩነቱ የሲናናው ደላላ ገና ሰላም ስትለው «መጀመሪያ ክፈለኝ» አለማለቱ ነው። አፕወርክ ላይ ለሥራ ለማመልከት ኮኔክት የሚባል ቲኬት ያስፈልግሃል፤ አንዱ 0.15 ዶላር ነው፤ ለአንድ ማመልከቻ ብዙ ይጠየቃል፤ ከሌሎች በላይ ልታይ ካልክ ደግሞ በጨረታ ትጨምራለህ። ማመልከቻህን ማንም ሳያነበው ቢቀር ቲኬቱ ተበልቷል።

«ሥራ ልስጥህ፣ አስቀድመህ ክፈል» የሚልህን ሁሉ ሽሽ ተብለህ ነው ያደግኸው። ትክክል ነው፤ ሽሽ። «ዩቲዩብ ላይ ላይክ አድርግ፣ በቀን ይህን ያህል ታገኛለህ፣ ለመመዝገቢያ ግን ጥቂት በቴሌብር ላክ» የሚለውን በተለይ ሩጠህ አምልጠው። ኮኔክት ግን ግዛ። የሚሸጠው በዶላር ነው፤ ዶላር የምታገኘው ደግሞ ከሥራው ነው፤ ሥራው የሚገኘው በኮኔክቱ ነው። ይህን ክብ ዞረህ ስትጨርስ ኢኮኖሚክስ የተማሩት ጓደኞችህ ለምን ዝምተኛ እንደሆኑ ይገባሃል። መውጫው አንድ ነው፦ በነፃ የሚሰጡህን ጥቂት ኮኔክቶች ሐሙስ ገበያ እንደወጣች እናት ቆጥበህ ያዝ፤ ገና ሁለት ሦስት ሰው ባመለከተበት፣ አንተም በእርግጥ በምትችለው ሥራ ላይ ብቻ አውጣቸው።

ማመልከቻውን ራስህ ጻፈው። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ከመጣ ወዲህ ከማኒላም ከዳካም ከጎባም የሚላከው ደብዳቤ አንድ ሆኗል፤ ሁሉም «በታላቅ ደስታ» ነው የሚያመለክተው። አንዳንድ ደንበኛ በማስታወቂያው መሐል «ደብዳቤህን ብርቱካን በሚለው ቃል ጀምር» ብሎ ይሸሽጋል፤ ያነበበውን ካላነበበው የሚለየው በዚህ ነው። ብርቱካን ብለህ ጀምር። ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ተቀምጠህ በፍራፍሬ መፈተንህ ሊያሳፍርህ አይገባም፤ አብዛኛው አመልካች በዚህ ነው የሚወድቀው።

ቃለ መጠይቅ ከደረሰህ ሰዓቱን ተጠንቀቅ። ካሊፎርኒያ ጠዋት ሥራ ሲገባ ጎባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ እነሱ ጋ ክረምት ሲሆን 2 ሰዓት። ችግሩ ግን ርቀቱ አይደለም፣ የእኛው አቆጣጠር ነው። በእነሱ ቁጥር ከቀትር በኋላ 3 የተባለውን ቀጠሮ አንተ «3 ሰዓት» ብለህ ይዘህ በምሽት ብትቀርብ ስድስት ሰዓት ዘግይተሃል፤ ጠዋት ብትቀርብ ስድስት ሰዓት ቀድመሃል። ከተጠራጠርክ ጠዋቱን ምረጥ። ቢያንስ ትጉ ነው ይሉሃል።

በሌሊት ትሠራለህ ማለት ነው። ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከሳነቴ የሚወርደው ነፋስ የጽሕፈት ፍጥነትን አያበረታታም። ጓንት የጣቱ ጫፍ ተቆርጦ ሲለበስ ለኪቦርድ ይመቻል። መብራትን በተመለከተ ምክር ሳይሆን መጽናኛ ልስጥህ፦ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው መልካ ዋከና በዋቤ ሸበሌ ላይ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው ከእኛው ደጋ ብዙም ሳይርቅ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ምንጩ ቅርብ መሆኑን እያሰብክ በፓወር ባንክ ቀጥል። ዋይፋዩ ሲሄድ የስልክህ ሆትስፖት፣ የአንዱ ኔትዎርክ ሲሄድ የሌላው ሲም ይኑርህ።

ሁሉም አንድ ላይ የሄደበት ጊዜም ነበር። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። በዚያን ሰሞን ሥራ የያዘ ፍሪላንሰር ለደንበኛው «አልችልም» ብሎ ለመጻፍ እንኳ መስመር አልነበረውም፤ ደንበኛው የሚያየው ተከፍሎት የጠፋ ሰው ነው። ለዚህ ብልሃት የለኝም። የጀመርከውን ሥራ ከቀነ ገደቡ ቀድመህ፣ ቁርጥራጩን በየዕለቱ መላክን ልማድ አድርግ፤ ስትጠፋ ቢያንስ ግማሹ እዚያ ደርሶ ይገኛል።

በሰዓት የሚከፈል ሥራ ከሆነ ኮምፒዩተርህ ላይ የምትጫን መቆጣጠሪያ አለች፤ በየ10 ደቂቃው አንዴ ስክሪንህን ፎቶ ታነሣለች፣ ኪቦርዱን ስንቴ እንደነካህ ትቆጥራለች። እናትህ ከሰዓት በኋላ ቡና ስታፈላ ይህን መሣሪያ አጥፋው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ሰዓቱ እየቆጠረ እጅህ ግን ሲኒ ይዟል፤ ፎቶው ባዶ ገጽ ያሳያል። ለማይክ በረካን ሳይጠጡ መነሣት ነውር መሆኑን ማስረዳት ይቻላል፤ ሰዓቱን ግን አይከፍልህም።

ስለ ዋጋ ስንመጣ፣ አፕወርክ ላይ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 3 ዶላር ነው፤ ጀማሪ ሁሉ እዚያ ላይ ይተኛል። ብሩ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አንድ ዶላር ከ57 ገደማ ተነሥቶ መቶ ብር አለፈ፤ 3 ዶላርም በብር ሲመነዘር ያጓጓል። ነገር ግን ከዚያ ላይ የደላላውን ቁረጥ፣ የማስተላለፊያውን ቁረጥ፣ የኢንተርኔት ጥቅሉን ቁረጥ፣ ሳይታይ የቀረውን ማመልከቻ ሁሉ ቁረጥ። ገንዘቡም ወዲያው አይመጣም፤ ፋይቨር በተለምዶ 14 ቀን ያቆየዋል፤ አፕወርክም ቆጥሮ ነው የሚለቀው። በእነዚህ ቀናት ለጓደኞችህ ምሳ ልጋብዝ አትበል።

ደግሞስ ከመላው ዓለም ጋር በሎጎና በዳታ ኢንትሪ ለምን ትጋፋለህ? ባሌ ያደገ ልጅ አማርኛውንም አፋን ኦሮሞውንም ይናገራል፤ እንግሊዝኛውን ተምሮታል። ጉግል ትርጉም አማርኛን በ2016 እ.ኤ.አ.፣ አፋን ኦሮሞን በ2022 እ.ኤ.አ. ነው የጨመረው፤ እስካሁንም በሁለቱም ሲሳሳት እያየነው ነው። ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ፣ የማሽን ትርጉም የሚያርም፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሰበሰብ ንግግር የሚያነብ ሰው ይፈለጋል፤ ይህን ሥራ ከማኒላ ሆኖ የሚነጥቅህ የለም። የሚነጥቅህ ሮቤ ያለው የክፍል ጓደኛህ ነው፣ ያውም በዋጋ። ስለዚህ ከማመልከትህ በፊት ደውልለትና በቃል ወይም በደቂቃ ስንት እንደምትጠይቁ ተስማሙ። ከመካከላችሁ አንዱ በግማሽ ዋጋ እሺ ካለ፣ ደንበኛው ሌሎቻችሁንም ከዚያ ወዲያ በዚያው ዋጋ ነው የሚፈልጋችሁ።