በትጋት የመውደቅ ዘዴ

ሰነፍ ተማሪ ለመውደቅ መካሪ አይሻም፤ ጎበዙን ደግሞ ምክር አይጥለውም። የሚያሳስበን መሐል ላይ ያለኸው አንተ ነህ። ትንሽ ከተዘናጋህ ልታልፍ ትችላለህ! የ12ኛ ክፍል ፈተና እየቀረበ ስለሆነ ከዚህ አደጋ የሚጠብቅህን መመሪያ አዘጋጅተናል።

1. በደረጃህ ተማመን

ከ60 ተማሪ 14ኛ ወጥተሃል። ይበቃል። መምህሩ ለደብተር ንጽሕና፣ ለተሳትፎና ለጥሩ ፀባይ የጨመሩልህን ማርክ ከዕውቀትህ ላይ ደምረው። ብሔራዊ ፈተናው ደብተርህን እንደማያይ፣ 50 በመቶ የሚባለው የማለፊያ መስመርም ስንተኛ እንደወጣህ እንደማይጠይቅ ትዝ አይበልህ። በ2014ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸው ግን አንደኛ የወጣ ልጅ ነበረ። ይህን ማሰላሰል ከጀመርክ የቆየ የፈተና ወረቀት ፈልገህ፣ ሰዓት ይዘህ ራስህን ወደ መለካት ትሄዳለህ። እዚያ ውስጥ አትግባ።

2. ፕሮግራም አውጣ፣ ከዚያም ሌላ ፕሮግራም አውጣ

በማስመሪያ አስምረው፣ በአራት ቀለም እስክሪፕቶ አስውበው፣ ከአልጋህ ራስጌ ለጥፈው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት የግድ ይኑርበት። መጀመሪያው ሁልጊዜ ሰኞ ይሁን፤ ማክሰኞ የተጀመረ ጥናት ሲያምርበት ታይቶ አይታወቅም። ሰኞ ካመለጠህ ሳምንቱን በክብር አሳልፍና ለቀጣዩ ሰኞ አዲስ ፕሮግራም ሥራ። «በቀን አንድ ሰዓት፣ ግን በየቀኑ» የሚል ሰው ከመጣብህ ሳቅበት፤ አንድ ሰዓት ግድግዳ ላይ ተለጥፋ አታምርም።

3. የምታውቀውን ደጋግመህ አጥና

ዋናው ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለጥናት በተቀመጥክ ቁጥር ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምር። የባዮሎጂ መጽሐፍህ የፊት ገጾች በእጅ ብዛት ሲያረጁ፣ የኋለኞቹ ከማተሚያ ቤት እንደወጡ ይቆዩ። ያነበብከውን ሁሉ በቢጫ ቀለም አስምርበት፤ ሁሉም ከቀለመ የትኛው ዋና እንደሆነ በመምረጥ አትደክምም።

ወርክሺት ስትሠራ መልሱን ከጎንህ ዘርጋ። ጥያቄውን አንብብ፣ መልሱን እይ፣ «አዎ፣ ይቺን አውቃታለሁ» በል፣ እለፍ። መልስ ሲያዩት ማወቅና ሳያዩት ማምጣት አንድ ነው ብለህ እመን። በተለይ የተሳሳትከውን ጥያቄ ከሳምንት በኋላ ተመልሰህ፣ መልሱን ሸፍነህ እንዳትሞክረው! ስንቱ መካከለኛ ተማሪ ሳያስበው ዩኒቨርሲቲ የገባው በዚህች የጥንቃቄ ጉድለት ነው።

4. አትጠይቅ

ከጠየቅክ እንዳልገባህ ይታወቃል። መምህሩ «ገባችሁ?» ሲሉ ከሁሉም ቀድመህ «አዎ!» በል። ሂሳብ በተፈጥሮ የሚሰጥ ነውና ለቀለሜዎቹ ተውላቸው። ስኮላስቲክ አፕቲቲዩድ «አይጠናም» ስለተባለ አትንካው። እንግሊዝኛ ደግሞ ከፊልም ይገኛል፤ የትርጉም ፊልምም ቢሆን።

5. ቴሌግራም ላይ አድር

የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች «ፈተናው ወጥቷል» ከሚሉ ቻናሎች ጋር አሳልፍ። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው እውነትም ወጥቶ ነበር፤ ከዚያ ተሰርዞ ሌላ ተሰጠ፤ ቀድሞ ያየ ሁሉ ያልተጠየቀውን በቃሉ ይዞ ቀረ። ከ2014ቱ ፈተና ወዲህ ደግሞ አብዛኛው ተፈታኝ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተጉዞ፣ ስልክ ሳይዝ ነው የሚፈተነው። ይህ ተስፋህን አይቀንሰው።

6. ሰበቡን አስቀድመህ አሰናዳ

እነዚህን ቁጥሮች ብቻ ሸምድድ፦ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ውጤት ሲመጣ ለእናትህ ረጋ ብለህ ዘርዝርላቸው። ላብራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት፣ የፊዚክስ መምህር ያልመጣበት ሴሚስተር፣ ለሦስት የሚነበብ አንድ መጽሐፍ፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ጥሩነቱም እውነት መሆኑ ላይ ነው። የውሸት ሰበብ ይነቃበታል፤ የእውነቱ ግን እንደ ምቹ ትራስ ነው፣ ተንተርሰኸው ዓመቱን ሙሉ ትተኛለህ። በዚያው መምህር በሌለው ሴሚስተር ከዘመድ ልጅ ደብተር ተውሰው እየገለበጡ፣ ያልገባቸውን በሌላ ክፍል መምህር በር ላይ ቆመው የጠየቁ የክፍል ጓደኞችህን ግን ስም አታንሳ። ወሬያቸው ትራሱን ጎርባጣ ያደርገዋል።

7. ብትተርፍም ተስፋ አትቁረጥ

ይህ ሁሉ ሆኖ ለሬሚዲያል (ለአቅም ማሻሻያው ትምህርት) የሚበቃ ነጥብ ብታመጣ አትደንግጥ። እዚያ ዩኒቨርሲቲው የሚይዘው 30 በመቶ፣ ከማዕከል የሚመጣው ፈተና 70 በመቶ ነው፤ አንተ 30ዋን ተማምነህ ለ70ው ጸልይ። ይባስ ብሎ ፍሬሽማን ብትሆንም መንገዱ አልተዘጋም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ፤ ማለፊያው እዚያም 50 ነው። አዲሱን ፕሮግራምህን ከሰኞ ጀምር።

ማሳሰቢያ፦ ይህን መመሪያ አንድ በአንድ ተከትያለሁ ብለህ ካለፍክ ኃላፊነቱን አንወስድም። በድብቅ አጥንተሃል ማለት ነው።