ዶላር ቆለኛ ስለመሆኑ

በቢቸናና በሞጣ ገበያ «ዶላር ስንት ገባ?» የሚል ሞልቷል፤ የትውልድ ሐረጉን የጠየቀ ግን እስካሁን አልተገኘም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ይሞላል።

ጀርመኖች ሸለቆን «ታል» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1520 ገደማ፣ ዛሬ ቼክ በምንለው አገር፣ ዮአኪምስታል (የዮአኪም ሸለቆ) በሚባል ስፍራ ከሚወጣው ማዕድን የብር ገንዘብ ተቀረጸ። «ዮአኪምስታለር» አሉት። ለዕዳ መጠየቂያ የሚረዝም ስም ስለሆነ ከፊቱ ተቆርጦ «ታለር» ቀረ፤ በሆላንዶች አፍ አልፎ እንግሊዞች ዘንድ ሲደርስ «ዶላር» ሆነ። ታለር እንግዲህ የሸለቆ ተወላጅ ነው። የሸለቆ ሰው ደግሞ በእኛ አገር ቆለኛ ይባላል። የዮአኪም ሸለቆ በረዶ የሚወርድበት መሆኑ ድምዳሜያችንን አያናጋውም። (እ.ኤ.አ. በ1856 በሌላ የጀርመን ሸለቆ አጥንቱ የተገኘው ኒያንደርታልም የዚሁ ቤት ዘመድ ነው።)

ቢቸናና ሞጣ ከ2,400 ሜትር በላይ የተቀመጡ ደገኞች ናቸው፤ ደገኛ ደግሞ ቆለኛን እንዲሁ አያስገባም። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ታለር በሲራራ ነጋዴ ጭነት ዛሬ ሰባራ ድልድይ በምንለው ዓባይን ተሻግሮ ሞጣ ሲወጣ፣ የቆላ ስሙን ገፈው «ጠገራ ብር» አሉት። ያም ሆኖ አላመኑትም። ተቀባዩ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል፤ ገልብጦ ያያል፤ ከንግሥቲቱ ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ዶቃዎች ይቆጥራል፤ ዘጠኝ ካልሞሉ ይመልሳል። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞታ ገንዘቡ ግን ያንኑ ዓመት ይዞ መቀረጹን አለመተዉ ያስጨነቀው አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር በፓሪስ አስቀርጸው ሲያመጡም ባላገሩ ያቺኑ ሴትዮ አልለቅም አለ።

እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1976 በገንዘብ ኖታችን ላይ በአማርኛ «ብር»፣ በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዶላር» ይጻፍ ነበር። ደገኛና ቆለኛ በአንድ ወረቀት ላይ ሳይጣሉ የኖሩበት ሌላ ዘመን ለዚህ ጥናት አልተገኘለትም። የአሜሪካው ዶላርም ያኔ ከ2 ብር ከ50 አይዘልም ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ከ57 ብር ገደማ የተነሣው ቆለኛ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፎ ሽቅብ ወጣ፤ ወባው የያዘው ግን ደገኛውን ነው።