የሳጥኗ ሞግዚት

ጡረታ ስወጣ የተመኘሁት ነገር ቢኖር ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ጸበል ጠጥቼ፣ ቤቴ ገብቼ ጋዜጣዬን ማንበብ ነበር። ሰበካ ጉባኤው ግን «እርስዎ የተማሩ ነዎት» ብሎ የአንዲት ጥቁር ሳጥን ሞግዚት አደረገኝ። ቁመቷ የጸሎት መጽሐፍ ያህላል፤ ቅዳሴውንና ጉባኤውን በኢንተርኔት የምታሰራጭ ናት፤ ኢንኮደር ይሏታል። የገጠማት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ባሕር ማዶ ሲሄድ የተወልኝ የይለፍ ቃል የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀትና «ቀላል ናት፣ አባባ» የምትል ቃል ነው። ቀላልስ ቀላል ናት፤ በአንድ እጅ ትነሳለች።

ሥራዋን ሲያስረዳኝ ተደንቄ ነበር፤ አልዋሽም። የካሜራው ምስል ሳይጨመቅ ቢላክ በሰከንድ 1.5 ጊጋቢት ገደማ ነው። እሷ ጨምቃ ጨምቃ 4 ሜጋቢት ታደርገዋለች፤ አንድ ኩንታል ጤፍ በአንድ ጣሳ እንደ መክተት። ዘዴዋ ስስት ነው። በየ2 ሰከንዱ አንድ ሙሉ ምስል ትልክና፣ እስከሚቀጥለው ድረስ የተንቀሳቀሰውን ብቻ ትናገራለች። ሰባኪው ቆሞ ሲያስተምር ሥራ የላትም፤ መጋረጃና ጢም ነው። ወረቡ ሲደምቅ፣ ጸናጽሉ ሲነቃነቅ፣ መቋሚያው ሲነሳ፣ በዚያ ላይ ዕጣኑ ሲጨስ ግን ጉድ ፈላ! የተነቃነቀው ሁሉ አዲስ ይሆንባትና መዘምራኑን እንደ ዳማ ገበታ ካሬ በካሬ ትቆራርጣቸዋለች። ወደ 6 ሜጋቢት ከፍ ላድርግላት ብል መስመሩ አይችልም። በየማስታወቂያው የሚፎከርበት ፍጥነት ወደ ቤት የሚገባው ነው፤ እኔ የቸገረኝ የሚወጣው።

አድራሻዋስ? እኔ በአንድ የቤት ቁጥር 41 ዓመት ኖሬያለሁ። እሷ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቤት ትቀይራለች፤ ራውተሩ ያገኘውን ቁጥር ያድላታል። ትናንት መጨረሻው 14 የነበረ አይፒ ዛሬ 22 ነው። ቅዳሴ ሊገባ ሩብ ሰዓት ሲቀረው በየቁጥሩ እያንኳኳሁ ስፈልጋት አስቡኝ። በኋላ አንዲት የመዘምራን ልጅ ራውተሩ ላይ ቋሚ ቁጥር አስያዘችልኝ። ሁለት ደቂቃ ፈጀባት። እኔን ሁለት ክረምት ፈጅቶብኝ ነበር።

የሰዓቱን ነገር ባላነሳው ይሻል ነበር። ለቅዳሜው የአዳራሽ ጉባኤ በራሷ እንድትነሳ «3:00» ብዬ ሞላሁላት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለቴ ነው፤ እናቴ ያስተማረችኝ ሦስት ሰዓት። ሳጥኗ ግን በፈረንጅ ቆጥራ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስርጭቷን ጀመረች። አዳራሹ ጨለማ ነው፤ ብርድ ያባረረው ዘበኛችን ማይክራፎኑ ሥር ተኝቷል። ዋሽንግተን ገና ዓርብ ምሽት ነውና ሰዉ ከሥራ ገብቶ ይከታተላል። አንዱ «ምስሉ ይስተካከል እንጂ ድምፁ ግሩም ነው» ብሎ ጻፈ። ሌላው ዜማው ዕዝል ነው አራራይ ብሎ ጠየቀ።

ልጄ ሜሪላንድ ናት። ድሮ ስትደውል «አባዬ፣ ደህና ነህ?» ነበር የምትለው። አሁን «አባዬ፣ ድምፁ ከምስሉ ቀድሟል» ነው ሰላምታዋ። እውነቷን ነው፤ ምስሉ ካሜራው ውስጥ ሲንከባለል ድምፁ አቋርጦ ይደርሳል። የከበሮ መቺው እጅ ገና አየር ላይ እያለ «ድም» ይላል። እያየሁ፣ እየሰማሁ፣ እየጨመርኩ ድምፁን 200 ሚሊሰከንድ አዘገየሁት። ስልኬ ዝም አለ። ሲበላሽ ዐሥር ሰው ይደውላል፤ ሲስተካከል «እግዚአብሔር ይስጥልን» የሚል አንድ የለም።

ባለፈው ስብሰባ እንግዲህ ሊቀመንበሩ ተነስቶ፣ «ጋሼ፣ ብዙ ደከሙልን፤ ከእንግዲህ ሳጥኗን ለወጣት እናስረክብ» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። የይለፍ ቃሉ ያለባት ወረቀት የት እንዳለች ጠየቁኝ። መነጽር ቤቴ ውስጥ ናት አልኳቸው። መነጽርዎስ? ቤት ረስቼው መጣሁ አልኩ፤ አፍንጫዬ ላይ እንደሆነ ማንም አላስተዋለም።