የሰው መቅረት ይስጥህ

የአየር መንገድ ሠራተኛ ቲኬት ርካሽ ነው፤ ወንበሩ ግን ከከፋዩ ሲተርፍ ብቻ። እናም ኦገስት 15፣ ጣሊያን በሙሉ ለፌራጎስቶ በዓል ወደ ባሕር በሚፈስበት ሰሞን፣ ወደ አማልፊ የተነሣው አባወራ መሳፈሪያው በር ላይ ቆሞ የማያውቀው መንገደኛ ታክሲ ጎማው እንዲተነፍስ ይሳላል። ተራው በአገልግሎት ዘመን ነውና ሽበታሙ ባልደረባው ኋላ መጥቶ ቀድሞ ይገባል። «ሁለት ወንበር አለ» ሲባል ቤተሰቡ እንደ ርስት ይካፈላል፦ እናት ከትንሿ ጋር ወደ ናፖሊ፣ አባት ከትልቁ ጋር «በፍራንክፈርት እንሞክር»። ደርሰው ሲገናኙ ደግሞ ባሕሩም በረድፍ ተከራይቷል፤ የፊቱ ጃንጥላ ውድ፣ የኋላው የሰው ጀርባ ማያ። መመለሻው? አባወራው ለአለቃው ጽፏል፦ «ሰኞ እገባለሁ፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድና አራት ሰው ቢቀር።»