ትንሽ ሥራ ብቻ ነው የቀራት

ጉለሌ፣ ከሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ አንዲት ባለሁለት በር መርሴዲስ ከገባች ሦስት ክረምት አለፋት። ገባች ስል ተነድታ አይደለም፤ በገመድ ተጎትታ ነው። ጎረቤቴ መሪውን ጨብጦ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ እንደ ሙሽራ ግራና ቀኝ እጁን ሲያውለበልብ፣ ከፊት የሚጎትተው የአይሱዙ ሾፌር በስፖኪዮ እያየው ይስቅ ነበር። ካጨበጨቡት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ዕቁብ በደረሰው ማግስት ነው። መጀመሪያ ያሰበው ቪትዝ ነበር፤ ዋጋውን ሲሰማ ግን ተቀመጠ። ሌላው ዓለም ላይ መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፤ እኛ ዘንድ ሲያረጅ ይከበራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ደግሞ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ጭራሹን እንዳይገባ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ታርጋና ሊብሬ ያላት ነገር ሁሉ፣ ብትሄድም ባትሄድም፣ እንደ ርስት ትታያለች። በዚህ መሀል አንድ ደላላ “መርሴዲስ ኩፔ፣ ከቪትዝ ባነሰ ዋጋ” ሲለው፣ ጎረቤቴ ለምን አነሰ ብሎ አልጠየቀም። መልሱ ደስታውን እንደሚያበላሽበት ልቡ ነግሮታል።

“የሐኪም መኪና ናት፣ ጋሼ” አለ ደላላው። የአዲስ አበባ ደላሎች እስከ ዛሬ የሸጧቸው የሐኪም መኪኖች ቢቆጠሩ፣ አገራችን ከበሽተኛዋ ሐኪሟ ይበዛ ነበር። “አንድ እጅ ናት፤ ሞተሯም አልተነካ።” ይሄኛው እውነት ነው፤ ለዓመታት የነካው የለም። ኮፈኑ ሲከፈት ድመት ከነልጆቿ ወጣች። ደላላው ድመቷን እንዳላየ ሆኖ፣ “ትንሽ ሥራ ብቻ ነው የቀራት” አለ።

መኪናዋ ጀርመኖቹ 123 ብለው የሚጠሯት ዘር ናት። ባለአራት በር እህቷን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1986 ከዚህ ዘር ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሠርቷል፤ ባለሁለት በሮቹ ግን 100 ሺህ አይሞሉም። ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፋ፤ “ብርቅ ናት ማለት ነው” አለ። ብርቅ መሆን በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ሶማሌ ተራ ሲወርድ ነው። እዚያ ለኮሮላ በር የፈለገ ሰው ሻይ ሳይቀዘቅዝ፣ እንደ ዕድሉም የራሱን የድሮ በር፣ ያገኛል። የዚህች ሞተርና ፍሬን ከእህቷ ጋር ይመሳሰላል፤ በሯ፣ የበሯ መስታወትና የፊት መስታወቷ ግን የብቻዋ ነው። የተሰበረው እንግዲህ የበሯ መስታወት ነው። እስከ ዛሬ በላስቲክ ተሸፍኗል።

በሮቿ የሚቆለፉትም በአየር ነው። ሞተሩ በቀጫጭን ቱቦዎች አየር እየሳበ ሁሉንም በአንዴ እንዲቆልፍ ነበር የጀርመኖቹ ሐሳብ። ቱቦው ሲያረጅና ሲሰነጠቅ ግን፣ የሾፌሩ በር ቢቆለፍም የወዲያኛው አልሰማሁም ይላል።

ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ከአገራችን ወጣ፤ ከጋራዦቻችን ግን ገና አልወጣም። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ፦ ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ጣሊያንኛ አስተማሪ ሳይቀጥር ተምሯል፤ ለእያንዳንዷ ቃል ግን ከፍሏል። በተለይ ስቱኮ። ዝገቱን ቆርጠው በላሜራ ይበይዱታል ብሎ የጠበቀው ቦታ ሁሉ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ቀለም ተቀብቶ ተመለሰ። የእንጦጦ ዝናብ አንድ ክረምት ሲጠግበው፣ ስቱኮው እንደ ዳቦ ቅርፊት ተነሣ።

ያስቸገረው ግን የነዳጅ መርጫው ነው። መካኒኩ በካርቡራተር ያደገ ሰው ነው። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፣ ነካካ፣ ፈታታ፣ የፈታውንም በፌስታል ቋጠረ። አላውቀውም ማለት በሙያው ነውር ስለሆነ፣ “አይዞዎት ጋሼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” አለ። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ጎረቤቴ በታክሲ ሄደ።

አንድ ጊዜ ግን ሄዳለች፤ ሐሰት አልናገርም። ለማርያም ንግሥ እናቱን ይዞ ወደ እንጦጦ ለመውጣት ተነሣ። እናቱ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ወንበሩ ታጥፎላቸው፣ በሁለት ሰው ድጋፍ ከኋላ ከገቡ በኋላ፣ ዙሪያቸውን አይተው፣ “ልጄ፣ በር ረስተውባታል እንዴ?” አሉ። እኛ ሰፈር ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋውን ያጣል፤ ጤነኛው ማለቴ ነው። ከሽሮ ሜዳ አልፋ ዳገቱን ስትጀምር ራዲያተሯ ፈላ። እናቱ ከኋላ ሆነው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፤ ሰው የታጨቀበት ሚኒባስ እየተንፏቀቀ ያልፋቸዋል። መውጣቱ ከመግባቱ ስለባሰ፣ እናቱ ንግሡን መኪናው ውስጥ ሆነው አከበሩ።

ከዚያ ወዲህ ቆማለች። ቦሎ ለማውጣት ምርመራ ማለፍ አለባት፤ ምርመራ ለማለፍ መሄድ አለባት፤ ለመሄድ ደግሞ ፌስታሉ ውስጥ ያለው ዕቃ መመለስ አለበት። በመጨረሻ መካኒኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ጋሼ፣ የቶዮታ ሞተር ብንገጥምላትስ?” አለ። ቡና ታቀርብ የነበረችው የጎረቤቴ ሚስት ረከቦቱን አስቀመጠችና፣ “ታዲያ መጀመሪያውኑ ቶዮታ አትገዛም ነበር?” አለችው። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለዚህች መኪና ከተሰጠው የሙያ ምክር ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነበር። ምክሩ ግን በነፃ ስለተሰጠ አልተሰማም።

እኛስ ለምን አጨበጨብን? ጎረቤቴ አንድ ቀን ሲያጫውተኝ፣ ልጅ ሳለ እንዲህ ያለች መኪና በፓስተር በኩል ስታልፍ በባዶ እግሩ ከኋላዋ ይሮጥ እንደነበር ነግሮኛል። እኔም ሮጫለሁ። አርባ ዓመት ሮጦ አሁን ደረሰባት፤ የደረሰባት ግን እሱ ፈጥኖ አይደለም፣ እሷ ስለቆመች ነው። ርካሽ ቅንጦት የሚባለው ነገር ይኸው ነው፤ ሀብታሙ ተደስቶበት የጨረሰውን፣ እኛ ዕዳውን ለመክፈል እንረከባለን። ገንዘብ ያለው ሰው ቪትዝ ይገዛል፤ መርሴዲስ የሚገዛው ገንዘብ ያነሰው ነው።

ጎረቤቴ ወጪውን የሚመዘግብበት ደብተር ነበረው። መጻፍ ያቆመው ድምሩ የቪትዙን ዋጋ ያለፈ ዕለት ነው። ባለፈው ወር አንድ ጎልማሳ በአጥር ቀዳዳ አይቷት በሩን አንኳኳ። ዓይኑን አየሁት፤ ልጅ ሳለ የሮጠ ሰው ዓይን ነው። ጎረቤቴ ኮፈኑን በፍቅር እየዳበሰ፣ “አልሸጣትም። ደግሞስ ትንሽ ሥራ ብቻ ነው የቀራት” አለው።

ለዘንድሮው ፋሲካ ሚስቱ ኮፈኑ ላይ ብቅል አሰጣችበት። ጥቁር ላሜራ ፀሐይ ይይዛል፣ ድመትም ዶሮ ታባርራለች። ጠላው ግሩም ነበር።