ሳይወለድ ዲራ የደረሰ

ዱባይ፣ ዲራ ሰፈር የማይገኝ ዕቃ የለም ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ ለመርካቶ ነጋዴም፣ ለዘመድ ስልክ ገዝቶ በካርጎ ለሚልክም እውነት ነው። እኔ ግን ትንሽ ልጨምርበት፤ ዲራ ጭራሽ ያልተሠራ ዕቃም ይገኛል።

ማስረጃዬ ኤርፓወር ነው። አፕል በሴፕቴምበር 2017 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ይህን ነጭ የቻርጀር ምንጣፍ በታላቅ ድግስ አሳየ። ስልክ፣ የእጅ ሰዓትና የጆሮ ማዳመጫ ያለ ገመድ ላዩ ላይ ጣል ቢደረጉ ሦስቱንም ባንድ ላይ ቻርጅ ያደርጋል ተባለ። ቀጠሮው 2018 ነበር። 2018 መጣ፤ ኤርፓወር ቀረ። በማርች 2019 አዲሱ የአፕል ጆሮ ማዳመጫ፣ ኤርፖድስ ሲወጣ ካርቶኑ ላይ የኤርፓወር ሥዕል ስለታተመበት፣ ሰው “በቃ፣ ሊመጣ ነው” አለ። በዚያው ወር በ29ኛው ቀን ኩባንያው ዕቃው መለኪያዬን አላሟላም ብሎ፣ ይቅርታ ጠይቆ ሰረዘው። በጊዜው እንደተዘገበው፣ ውስጡ የተደራረቡት የሽቦ ጥቅልሎች እየጋሉ አስቸግረው ነበር።

የዲራው አል ሰብኻ መንገድ ላይ ያለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ግን የመሰረዙን ወሬ አልሰማም። ስሙን ጽፎ፣ አሽጎ፣ ደርድሮታል።

“ኦሪጅናል ነው?” አልኩት ባለሱቁን።

“ኦሪጅናል ኮፒ!” አለኝ ዓይኑን ሳያሽ።

በመጀመሪያ ሳቅኩ፤ ኋላ ሳስበው ሰውዬው ፈላስፋ ነው። ዋናው ስላልተወለደ፣ ይህ ኮፒ የሚያሳፍረው ታላቅ ወንድም የለውም፤ ከዓለም አንደኛው ኤርፓወር እሱ ነው። ገዝቼ ሞከርኩት። ስልኩን እያረፈ ይሞላል፣ ሰዓቱን በዝምታ ያየዋል፣ ማዳመጫውን ከነመኖሩም አያውቀውም። የአፕል መሐንዲሶችን ያቃታቸው ሙቀት ግን አንዳች ሳይጎድል ገብቶበታል።

ዱባይ ራሷም በቀጠሮ ነገር አትታማም። በኖቬምበር 2015 የከተማዋ ሲቪል መከላከያ ለእሳት አደጋ ሠራተኞቹ እስከ 20 የሚደርሱ በራሪ ማሽኖች ማርቲን ከሚባል የኒውዚላንድ ኩባንያ ለመግዛት ተስማማ። ፎቅ ሲቃጠል፣ መሰላል የማይደርስበት መስኮት ላይ ሰው በሞተር እየበረረ ሊያንኳኳ ነበር። ኩባንያው ማሽኑን ለገበያ ሳያበቃ በ2019 ተዘጋ።

በፌብሩዋሪ 2017 ደግሞ የመንገድና ትራንስፖርት ባለሥልጣኑ ኃላፊ ማታር አል ጣየር፣ ኢሃንግ 184 የተባለ አብራሪ አልባ የቻይና በራሪ ታክሲ በጁላይ ሥራ እንደሚጀምር ተናገሩ። ልክ ነው፣ አብራሪ የለውም፤ ተሳፋሪም አንድ ብቻ፣ ያውም ከ100 ኪሎ ያልበለጠ። ዜናውን ሳነብ ለእኛ እንዳልታሰበ ገባኝ፤ አገሩ የሚገባ ሀበሻ 100 ኪሎ የሚሞላው ሻንጣው ሲመዘን ነው። ጁላይ ደረሰ፤ ከሰማይ የወረደልን የለመድነው ሙቀት ብቻ ሆነ። እኛም የዱባይን ክሪክ በአብራ ጀልባ፣ በአንድ ድርሃም መሻገራችንን ቀጠልን።

በዚህ ሁሉ መሀል በአፕል የምቀናበት አንድ ነገር አለ፤ “ሰርዣለሁ” ማለት መቻሉ። እኛ የዲራ ሰዎች ይህ አንደበት አልተሰጠንም። የምናስተዋውቀው ራሳችንን ነው፤ ዕቃው “ዘንድሮ ጠቅልዬ እገባለሁ” ይባላል። እማዬ ለመስቀል ስትደውል “ለፋሲካ” እላታለሁ። ለፋሲካ ስትደውል “ለመስቀል”። ባለፈው ሰምታኝ ሰምታኝ፣ “ፋሲካስ እየዞረ ይመጣል፤ አንቺ ነሽ የማትመጪው” ብላ ዘጋችው።

ጓደኛዬማ ከእኔ ትብሳለች። ኮምቦልቻ የውበት ሳሎን ልትከፍት ነው። ስሙን አወጣች፣ ቀለሙን መረጠች፤ ከሁሉ አስቀድማ ናይፍ ሰፈር ትልቅ የአሉሚኒየም ታፔላ አሠርታ፣ የራሷን ፎቶ ፀጉሯን በትና አሳትማበት በካርጎ ላከችው። ከዚያ የቤት ኪራይ ጨመረ፣ ገንዘቡን እንዲይዝ የተላከለት ወንድሟ ባጃጅ ገዛ፣ ባጃጁም ጋራዥ ገባ። ታፔላው ደረሰ፤ ሳሎኑ ቀረ። እናቷ ክረምት ሲገባ ታፔላውን የሚያፈሰው የማድቤት ጣራ ላይ አስመቱት።

“ታዲያ ሳሎኑን ሰረዝሽው?” አልኳት አንድ ዓርብ ቡና ላይ።

“ማን ነው የሰረዘ! ታፔላው እኮ ሥራ ጀምሯል” አለችኝ ቆጣ ብላ።

መከራከሪያ አጣሁ። አፕል ካርቶን ላይ ባተመው ሥዕል ሥር እስካሁን ከዝናብ የተጠለለ እናት አልሰማሁም።