ጋኑ ጎን ያለው ሳጥን

ወንድሜ ከአሜሪካ ሆም ቴአትር ላከልኝ። አምስቱን ስፒከሮች ሰካክቼ ስድስተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጠቦት የሚያህል ጥቁር ሳጥን ነው፤ ሰብውፈር ይሉታል። ሌሎቹ ሪሲቨሩ የሰጣቸውን በልተው ያድራሉ። እሱ ግን አምፕሊፋየሩን ሆዱ ውስጥ ይዞ ስለመጣ የራሱ ሶኬት ካልተሰጠው አይተነፍስም። (ደብረ ታቦር ላይ «ሪሲቨር» ካልክ ሰው ሁሉ አንጋጦ ዲሽ ነው የሚፈልገው። ይሄኛው ስፒከሮቹን የሚመግብ ሌላ ዕቃ መሆኑን ለጎረቤቴ ሳስረዳ ግማሽ ቀን ሄደብኝ።)

ልሰካው ስል ጀርባው ላይ 115 የሚል ቀይ ቁልፍ አየሁ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220። ዝም ብዬ ሰክቼው ቢሆን የመጀመሪያ ድምፁ የመጨረሻውም ይሆን ነበር። በካቻቢቴ ገፍቼ ወደ 230 አዞርኩት። ከዚያ አንዲት ገመድ ከሪሲቨሩ ወደ ሳጥኑ፤ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ሪሲቨሩ ለይቶ ይልክለታል። የሳጥኑን የራሱን ማጣሪያ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ ያለዚያ የተነፋ ዱቄት እንደገና መንፋት ነው።

አበራሁት። ቆርቆሮው ተንጫጫ። አከራዬ ነጠላቸውን እያጣፉ ከተፍ አሉ።

«ልጄ፣ ሴባስቶፖልን መለሱት እንዴ?»

የጋፋት ጎረቤት ሌላ ምን ይጠይቅ! 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ተሠርቶ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደርሷል። የእኔ ቤዝ ግን ከጥግ ተነስቶ ወንበሬ ጋ መድረስ አቃተው። ጥጉ ላይ ያገሳል፤ ስቀመጥ የለም።

ጀርባው ላይ 0 እና 180 የሚል ሌላ ቁልፍ አለ። ስፒከሮቹ አየሩን ሲገፉ ሳጥኑ የሚስብ ከሆነ፣ ፊትና ኋላ እንደተጠመዱ በሬዎች አንዱ የአንዱን ድካም ያጠፋል። ቀየርኩት፤ ትንሽ ተሻለው።

የቀረኝ የባለሙያዎቹ ብልሃት ነበር፦ ሳጥኑን የምትቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀምጥ፣ አንተ ዳህ፤ ቤዙ ሞልቶ የሚሰማህ ቦታ የሳጥኑ መቀመጫ ነው። የ40 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 8 ሜትር ተኩል ያህል ነው። የእኔ ክፍል አራት ሜትር አይሞላም። ድምፁ ግድግዳ ለግድግዳ እየተላተመ አንዱ ጋ ይከመራል፣ ሌላው ጋ ይጠፋል።

አከራዬ በሩን ሲከፍቱ ሳጥኑ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ተከራያቸው ጆሮውን ምንጣፍ ላይ እየጎተተ ይድሃል። ምንም ሳይሉ ተመለሱና ጠበል ይዘው መጡ። ሲረጩኝ ተወርውሬ ሳጥኑን በሰውነቴ ከለልኩት። ይሄ ጥርጣሬያቸውን ይበልጥ አጠናከረው።

ቦታውንስ አገኘሁት፤ አከራዬ «እዚሁ ትቆይልኝ» ብለው የተዉት የጠላ ጋን የተጎለተበት ሆኖ እንጂ።

«ጋኑ ካንተ በፊት ነበር» አሉኝ።

ሳጥኑን አጠገቡ ሸጎጥኩት። እንዲያ ሆኖ ሰነበተ። በዚህ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ብርድ ጠላ ቶሎ አይፈላም። ያሁኑ ግን፣ እሳቸው እንደሚምሉት፣ ሁለት ቀን ቀድሞ ደረሰ። ትናንት ማታ በሬ ተንኳኳ።

«ልጄ፣ ጠላ ጠንስሻለሁ። ያንን ሳጥንህን ክፈትልኝ እስቲ። ከፍ አድርገህ!»